በጅማ «የሲዲ ሕክምና» ለሚሰጡ ሰዎች ዲስካችሁንም ገንዘባችሁንም እንዳትሰጡ

ይህን የምጽፈው እሑድ ማታ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደልኝም። ትናንት ከሰዓት በኋላ 27 ሲዲዎቼን «ታክመዋል» ከተባሉበት ሱቅ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለእያንዳንዳቸው 150 ብር፣ በድምሩ 4,050 ብር የከፈልኩበት ይህ ሥራ ከሞከርናቸው ሲዲዎች የአንዱንም ድምፅ እንዳላሻሻለ፣ ይባስ ብሎም ሁለቱን እንዳበላሸብኝ አረጋግጫለሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሆኖም ጅማ ውስጥ በቤቱ ሲዲ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ነገር እንደ እኔ ከፍሎ እንዲያውቀው አልፈልግም።

ሱቁን ባታዩትም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተንጠልጥሏል፤ በአንዱ ጥግ ሙዚቃ በፍላሽ ይጫናል፤ በር ላይ የቆመው ስፒከር መንገደኛውን ያደነቁራል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን መደርደሪያው ላይ ሐምራዊ መብራት ያላት የምትሽከረከር ማሽን ተቀምጣለች፤ ከኋላዋም ነጭ ጋውን የለበሰና ጓንት ያጠለቀ ወጣት ይቆማል። ንግግሩ የተጠና ነው። ዲስኩ በፋብሪካ ሲሠራ ከቅርጽ ማውጫው ጋር እንዳይጣበቅ የሚቀባ ቅባት በላዩ ላይ እንደሚቀር፣ የጅማ እርጥበት ደግሞ አቧራውን እንደሚያጣብቅበት፣ በዚህም ምክንያት ድምፁ «ውስጥ ውስጡን ታፍኖ እንደሚኖር» ያስረዳችኋል። ዋጋውን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የገባሁት ከጅማው መርካቶ ስመለስ ዝናብ ቢይዘኝ ለመጠለል ነበር። ወጣቱ ከራሱ ሲዲዎች አንዱን አጫወተልኝ፤ ክራሩ ከግድግዳ ጀርባ የሚመታ መሰለኝ። ከዚያም ከትንሽ ብልቃጥ ሁለት ጠብታ አንጠባጠበበትና በሰማያዊ ጨርቅ ክብ ክብ እያደረገ ወለወለው፤ በሐምራዊው መብራት ሥር ሁለት ደቂቃ ያህል ካሽከረከረው በኋላ መልሶ ማጫወቻው ውስጥ አስገባው። አሁን ክራሩ አጠገቤ መጣ፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማኝ። «ይህ ሁሉ ድምፅ ሲዲው ውስጥ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው «ነበር እንጂ ጋሼ፤ ታፍኖ ነው» አለኝ። ረቡዕ ማለዳ 27 ሲዲዎች በካርቶን ይዤ ሄድኩና ሙሉውን ገንዘብ በቅድሚያ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ስልክዎን መዝግበናል፣ አያስቡ» ተባልኩ፤ ይህንንም አምኜ ወጣሁ።

ለምን እንዳመንኩ ከትናንት ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ነው የዋልኩት፤ የማገኘውም መልስ ካሴት ነው። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ያደግነው በካሴት ነው። የቴፑ ሄድ ሲቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ጥጥ በአልኮል ነክረን ስንጠርገው ወዲያውኑ ይጠራል። ሸክላም ቢሆን አቧራው ሲነሣለት መንጫጫቱ ይቀንሳል። ማጽዳት ድምፅን እንደሚያጠራ በገዛ እጃችን ሠርተን ስላየነው፣ ሲዲውም እንደዚያው ነው ሲሉን ለመጠራጠር ምክንያት አይታየንም። ያ ወጣት የሚነግደው በዚህ ትዝታችን ላይ ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲዲዎቼን ልወስድ ስሄድ «ትንሽ ይጠብቁ» ተብዬ ከመደርደሪያው ጎን ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ የሚቆመው ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ነው፤ ከዚያ ሆኖ ለሚያይ ሰው አምፕሊፋየሩን የቻርጀር ካርቶኖች ይጋርዱታል። ከእኔ አግዳሚ ግን የድምፁን መጠን ከሚያሳየው አረንጓዴ ቁጥሩ ጋር ወለል ብሎ ይታይ ነበር። በዚህ መካከል ግራጫ ጋቢ የደረቡ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንድ አባት በጥቁር ፌስታል አምስት ሲዲ ይዘው ገቡ። ወጣቱ ለእኔ ያለኝን ቃል በቃል ደገመላቸውና ከአምስቱ አንዱን ተቀብሎ አጫወተ፤ የበገና መዝሙር ነበር። ቁጥሩ 18 ይላል። ጠብታው፣ ሰማያዊው ጨርቅ፣ ሐምራዊው መብራት በየተራቸው አለፉ። ሲዲው ወደ ማጫወቻው ሲመለስ የወጣቱ ቀኝ እጅ በሩን ይዘጋል፤ ግራ እጁ ከመደርደሪያው በታች ነች። ሪሞት መያዙን ያየሁት ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። 19 አለ፣ 20 አለ፤ ገና በገናው ሳይመታ፣ በዚያች አጭር ዝምታ ውስጥ፣ 24 ላይ ደርሶ ቆመ። መዝሙሩ ሲጀምር አባት ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁና «ተመስገን፤ አሁን ገና ተሰማ» አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ክራሩን ወደ እኔ ያቀረበው ይኸው ነበር። ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ሲል ጆሯችን ከፍ ማለቱን ልብ አይልም፤ ጠራ፣ ቀረበ፣ ቤዙ ሞላ ነው የሚለን። ሁለት ነገሮችን በጆሮ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠናቸውን እኩል ማድረግ ያለበት ለዚህ ነው፤ ይህንን ደግሞ ስፒከር ሲሸጥ የሚውል ሰው አያውቅም ብዬ ልቀበል አልችልም።

እኔ ግን ተቀምጬ ዝም አልኩ። አባት ከጋቢያቸው ሥር ገንዘብ አውጥተው፣ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ 750 ብር ሲቆጥሩ እያየሁ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ያየሁትን ራሴ ማመን አቅቶኝ ነበር ብል እውነት ነው፤ ይሁንና ከ4,050 ብሩ ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ተነሥቼ «እስቲ ያልታከመ ሲዲ 24 ላይ አድርገህ አጫውትልኝ፤ ከዚያ በኋላ አክመውና ቁጥሩን ሳትነካ አሰማኝ» አልኩት። ያልሰማ መሰለ። ስደግምለት፣ ከኋላ ሆኖ ስልክ ይጠግን የነበረው ባለቤት ቀና እንኳ ሳይል «ጋሼ፣ መታጠብ ያለበት ሲዲው ሳይሆን ጆሮዎ ነው» አለና ሁለቱም ሳቁ። ገንዘቤን ብጠይቅ «ሥራው አልቋል» አሉኝ። ወጣቱ ካርቶኔን በክርኑ ወደ እኔ ገፋ እያደረገ «ደንበኛ እየጠበቀ ነው» አለ፤ በሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

ማታውኑ ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀመጥን፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የምትማር ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት ከእነዚሁ ሲዲዎች ስድስቱን ወደ ላፕቶፗ ምንም ሳትቀንስባቸው ገልብጣልኝ ነበር። እነዚያኑ ስድስት በዚያው ማንበቢያ እንደገና ገለበጠችና የድሮውንና የአዲሱን ፋይል ቼክሰም አስተያየች። ቼክሰም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አሻራ ነው፤ ከውስጡ አንዲት ቢት፣ ማለትም ትንሿ የመረጃ ቅንጣት፣ ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። የአምስቱ ሲዲዎች አሻራ ከ«ሕክምናው» በፊትና በኋላ በአንዲት ፊደል እንኳ አልተለያየም። ወጣ የተባለው የታፈነ ድምፅ አንድም ቦታ የለም።

ለምን እንደማይኖርም ልጅቷ አስረዳችኝ። ሲዲ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ በሰከንድ 44,100 ልኬት፣ ለቀኝና ለግራ ለየብቻ፣ እያንዳንዱም በ16 ቢት። ይህ ጽሑፍ ያለው 1.2 ሚሊ ሜትር ከሚወፍረው ፕላስቲክ ማዶ ነው። የሌዘሩ ጨረር ፕላስቲኩ ገጽ ላይ ሲያርፍ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ወደ አንዲት ነጥብ የሚጠበው ጽሑፉ ዘንድ ሲደርስ ስለሆነ፣ ገጹ ላይ ያለች ብናኝ ብዙም አታግደውም። በዚህ ላይ ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያቀረቡት ይህ ዲስክ ከመጀመሪያው የስሕተት ማረሚያ ስሌት ተሠርቶለታል፤ መረጃው በትራኩ፣ ማለትም በዲስኩ ላይ በሚዞረው ቀጭን መስመር፣ ላይ ተበታትኖ ስለሚጻፍ፣ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቦታ ባይነበብ እንኳ ማጫወቻው የጎደለውን ቁጥር በትክክል መልሶ ያገኘዋል። ጉዳቱ ከዚያ ካለፈ በግምት ይሞላዋል፤ ይህም ካልሆነለት ድምፁ ይንጣጣል፣ ይዘላል ወይም ይቋረጣል። ቆሻሻ ሲዲ የሚታወከው እንደዚህ ነው እንጂ ቤዙ ቀንሶ፣ ክራሩ ርቆ አይደለም። ያ መታፈን የካሴት በሽታ ነው፤ ሲዲ አይታመመውም።

ስድስተኛው ሲዲ አራተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ማንበቢያው ተንገታገተና ቆመ፤ በክረምቱ ግን እስከ መጨረሻው ተነቦ ነበር። ወደ አምፖሉ አዘንብለን ስናየው ያ ሰማያዊ ጨርቅ የተወው ክብ ክብ ጭረት ታየን። ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚሄድ ጭረት እያንዳንዱን የትራክ ዙር በጥቂቱ ብቻ ያቋርጠዋል፤ ክብ ጭረት ግን ትራኩን ተከትሎ ስለሚሄድ ማረሚያው ከሚችለው በላይ ርዝመት ያበላሻል። ሲዲ ክብ ክብ እየተደረገ እንደማይወለወል የማያውቅ ሰው ነው ጋውን የለበሰው።

ሁለተኛው የተበላሸው ሲዲ የሚገዛ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በታናሽ ወንድሜ ሠርግ ላይ አባታችን ያሰሙት ቀረርቶ በባዶ ሲዲ ተቀድቶ ነበር፤ በፊቱም በማርከር የተጻፈ የእጅ ጽሑፋቸው አለ። ፈሳሹን በጽሑፉም ገጽ ላይ አፍስሰውበታል። በዚያ በኩል ብረቱን የሚሸፍነው ቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ነው፤ ፕላስቲኩ ያለው በሌላው በኩል ነው። የአባቴ ጽሑፍ ታጥቦ ወደ ሰማያዊ እድፍ ተለውጧል፤ ዲስኩን ወደ መብራት ሳነሣው ደግሞ ብረቱ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ያልፋል። ማጫወቻው ጨርሶ አያውቀውም። ልጅቷ በክረምቱ «ይህንንም እንገልብጠው» ስትለኝ «ለሌላ ጊዜ» ያልኳት እኔ ነኝ። አባቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድምፃቸው ያለበት ሌላ ነገር የለንም።

የሚዘል ሲዲ ካላችሁ በንጹሕ ውኃና በጠብታ ለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ የእኛ ከተማ እርጥበት የሚያወጣው ሻጋታና የጣት አሻራ በዚህ ይለቃል። ሁሉም ሲዲ የሚዘል ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የማጫወቻው ሌንስ ነው። የማይዘል ሲዲ ምንም አትንኩበት። የቤተሰብ ድምፅ ያለበትን ግን ዛሬውኑ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እኚያ አባት አራት ሲዲዎቻቸውን ትተው አንዱን ብቻ ይዘው ነው የወጡት፤ የቀሩትን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንዲወስዱ ተቀጥረዋል። ግራጫ ጋቢ ይደርባሉ፣ በቀኝ እጃቸው አጭር ከዘራ ይይዛሉ፣ ሲወጡም ወደ ፈረንጅ አራዳ አቅጣጫ ነው የሄዱት። የምታውቋቸው ካላችሁ፣ ወይም አባታችሁ ከሆኑ፣ ነገ ሱቁ እንደተከፈተ ሄደው የበገና ሲዲዎቻቸውን ሳይነኩባቸው እንዲያወጡ ንገሯቸው። እኔም ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ በር ላይ እቆማለሁ።