የቀርከሃ ሶፋ ለባህር ዳር ሳሎን፦ ሻጩ የሚያስረክበውና ለገዢው የሚተርፈው ሥራ

በትንሽ ገንዘብ የሳሎንን መልክ መቀየር ለሚፈልግ የባህር ዳር ነዋሪ ከሁሉ በፊት የምንመክረው ዕቃ የቀርከሃ ሶፋ ነው። ቀላል ስለሆነ ሁለት ሰው ሳይቸገር ያነሳዋል። ከሥሩ ወለሉ ስለሚታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንኳ አያጨናንቅም። አንድ ዘንግ ቢሰበር ያንኑ ብቻ አውጥቶ መተካት ይቻላል። ነገር ግን ከሻጩ እጅ እንደወጣ ወስዳችሁ ብታስቀምጡት ሁለት ክረምት ሳያልፍ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ከውስጡ ዱቄት ይረግፋል፣ እግሩ ይጠቁራል። ይህ የሚሆነው ቀርከሃ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሻጩ የማይሠራቸው፣ ዋጋውም ውስጥ የማይገቡ ሥራዎች ስላሉ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ስትመድቡ ከአሥር ብር አምስቱን ለሶፋው አካል፣ አራቱን ለስፖንጅና ለልብሱ፣ አንዱን ለነቀዝ መድኃኒት፣ ለቡሎንና ለቫርኒሽ አድርጉት። ሙሉውን ለአካሉ ከፍሎ በስስ ስፖንጅ መጨረስ በብዛት የሚታይ፣ በብዛትም የሚያስቆጭ የግዢ ስህተት ነው።

አገራችን ሁለት ዓይነት የራሷ ቀርከሃ አላት። የደጋው ውስጡ ክፍት ነው፤ ባህር ዳር የሚደርሰው በአብዛኛው ከአዊ፣ ከእንጅባራ አካባቢ ሲሆን ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቆላው ደግሞ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከመተከል በኩል የሚመጣ፣ ቀጠን ያለና ውስጡ ድፍን ነው። ለሶፋው ቋሚና አግዳሚ የደጋው ይሻላል፤ ወፍራም ሆኖ ቀላል ነው። ለእግርና ለክንድ ማሳረፊያ ግን ድፍኑ የቆላ ቀርከሃ ቡሎን ሲጠብቅበት አይጨፈለቅም። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚሠራ ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ዕቃውን ስታዩ ቫርኒሹን ከማየታችሁ በፊት የተቆረጠውን ጫፍ ተመልከቱ። ለሶፋ የሚሆነው ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው ዘንግ ነው። ሳይበስል የተቆረጠ ዘንግ ሲደርቅ ቆዳው ይሸበሸባል፤ በአንጓና በአንጓ መካከል በጣት ሲዳሰስ ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ ጎድጓዳ መስመር አለው። የበሰለው ቀጥ ብሎ ይደርቃል፤ በቁልፍ ሲመታም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጫፉን በጥፍር ስትጫኑት ከሰረጎደ ወይም ርጥበት ከተሰማችሁ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ያልደረቀ ቀርከሃ ቤት ገብቶ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ዛሬ ጥብቅ ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ በጥቂት ወራት ይላላል። ቫርኒሹ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይበልጥ ጠርጥሩ፤ ስንጥቅና የነቀዝ ቀዳዳ የሚሸፈነው በእሱ ነው። ሶፋውን ገልብጣችሁ ከሥር፣ ቫርኒሽ ካልደረሰበት በኩል እዩት።

ነቀዝ የቀርከሃ ዋና ጠላት ነው። የሚስበው በዘንጉ ውስጥ ያለው ስታርች የሚባል ዱቄት መሰል ምግብ ነው። ነፍሳቱ ከተቆረጠው ጫፍ ወይም ከስንጥቅ ገብተው ውስጡን እየበሉ ይራባሉ፤ ከውጭ የሚታየው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ክብ ቀዳዳና ከሥሩ የተከመረ፣ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ብቻ ነው። ቫርኒሽ ይህን አያቆምም። የቀርከሃ የውጭ ቆዳ ሰም አዘል ስለሆነ ከላይ የሚቀባ መድኃኒትም ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ መግቢያው የተቆረጠው ጫፍና የውስጠኛው ግድግዳ ነው።

ሶፋውን የምታሠሩት በትእዛዝ ከሆነ ከመገጣጠሙ በፊት ዘንጎቹ አንጓቸው ተበስቶ ነቀዝን በሚከላከሉት ዱቄቶች፣ በቦሪክ አሲድና በቦራክስ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት እንዲነከሩ፣ ከዚያም ጥላ ሥር ቆመው እንዲደርቁ ተስማሙ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቀርከሃ ይሰነጠቃል። የተሠራ ሶፋ ከገዛችሁ ደግሞ ሥራው በሲሪንጅ ይሆናል። በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ 30 ግራም ቦሪክ አሲድና 45 ግራም ቦራክስ ጨምሩና እስኪሟሟ አማስሉት። ሶፋውን ገልብጣችሁ በየሁለቱ አንጓ መካከል፣ ከማይታየው ወገን፣ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) አንዳንድ ቀዳዳ ብሱ። በየቀዳዳው 20 ሚሊ ሊትር ያህል ከጨመራችሁ በኋላ ቀዳዳውን በሰም ድፈኑትና ውስጡ በሙሉ እንዲርስ ሶፋውን በየጎኑ አገላብጡት። የተቆረጡትን ጫፎች በብሩሽ ደጋግማችሁ አጠጧቸው። አንድ ባለ ሦስት መቀመጫና ሁለት ባለ አንድ መቀመጫ ካላችሁ ሁለት ሊትር አዘጋጁ እንጂ ከዚያ ብዙም አያስፈልግም። ጓንት አድርጉ፤ የተረፈውን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ፤ ስፖንጁን የምትመልሱት አካሉ በደንብ ሲደርቅ ብቻ ነው። ድፍኑ የቆላ ቀርከሃ በሲሪንጅ አይሆንም፤ እሱ ሳይገጣጠም መነከር አለበት።

በየሰፈሩ የሚመከሩ ሌሎች ሁለት ዘዴዎች አሉ፤ ሁለቱንም አንመክርም። ላምባ መርጨት በዚያው ሰዓት ያገኘውን ነፍሳት ይገድላል፣ ሲተን ግን ምንም አይቀርም፤ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና በሚፈላበት ሳሎን ውስጥም አደጋ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለአጥር እንጨት ይሁን፤ ቤት ውስጥ ሽታው አይለቅም፣ ልብስም ያበላሻል።

ወደ መገጣጠሚያው እንምጣ። ገበያ ላይ ካለው አብዛኛው በሚስማር የተመታ ነው። ሚስማር ሳይበሳ ሲመታ ዘንጉን ከቃጫው ጋር ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ መጀመሪያ ፀጉር ያህላል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ድርቀት ይሰፋል። ክብደት የሚሸከሙትን ቦታዎች ብቻ፣ ማለትም አራቱን የመቀመጫ ማዕዘኖችና የመደገፊያውን ሥር፣ በቡሎን ማስቀየር በቂ ነው። የ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ (መሃሉ የተበሳ ክብ ብረት)፣ ከዳዶው (ከቡሎኑ ማጥበቂያ) ሥር ደግሞ ትንሽ ላስቲክ። ቀዳዳው በትራፓኖ የሚበሳው ከአንጓው ጠጋ ብሎ ነው፤ እዚያ ላይ ግድግዳው ወፍራም ነው። ዳዶውን ላስቲኩ እስኪጨመቅ ድረስ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ ካለፈ ክፍቱ ዘንግ ይጨፈለቃል። የባህር ዳር አየር ከሰኔ እስከ መስከረም ርጥብ፣ ከዚያ በኋላ ደረቅ ስለሆነ ቀርከሃው በየወቅቱ ያብጣል፣ ይቀጥናል፤ ስለዚህ በጥቅምትና በሚያዝያ ዳዶዎቹን አንዴ መፈተሽ ልማድ ይሁን። በሚስማር የተመታ ሶፋ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ላላ ማለት ላላ ነው።

እግሩ ሌላው የተረሳ ቦታ ነው። ሊሾ ወይም ሴራሚክ በየቀኑ በውሃ ሲወለወል የተቆረጠው የእግር ጫፍ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ጫፉን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ አጠጡት፤ ከደረቀ በኋላ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ክብ ቆርጣችሁ ጠቅልሉለት። ብስክሌት ጠጋኝ በየመንገዱ ባለባት ከተማ ይህ ዕቃ የሚገኘው በጣም ርካሽ ወይም በነፃ ነው።

ስፖንጅ ላይ አትሸወዱ። ውፍረቱ ብቻ ታይቶ ሲገዛ አዲስ ሳለ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ከጥቂት ወራት በኋላ የቀርከሃው ዘንግ መቀመጫ ላይ ሲቆረቁር ነው። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። 50 በ50 ሆኖ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ 750 ግራም አካባቢ ከመዘነ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ለመቀመጫ የሚሆነው ይህ ነው። 450 ግራም ከሆነ ለመደገፊያ እንጂ ለመቀመጫ አይሆንም። ሻጩ ሚዛን ከሌለው ከጎረቤት ሱቅ ማስመዘን ነውር የለውም። ስፖንጁ ቀጥታ ዘንግ ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ የማዳበሪያ ጨርቅ በጥብቅ ወጥሩ ወይም ሳሳ ያለ ሰሌን ቆርጣችሁ አንጥፉ። ከፍታውንም አስቡ፤ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊቀር ይገባል። ብዙዎቹ የሚሸጡት ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ለአዛውንት እንግዳ መነሳት ያስቸግራል። በትእዛዝ ስታሠሩ የአካሉን መቀመጫ 36 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 52 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በሉት።

ለልብሱ፣ አምስት መቀመጫና አምስት መደገፊያ ትራስ ለማልበስ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ ሰባት ሜትር ተኩል ይበቃል። ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ፤ ካልሆነ በመጀመሪያው እጥበት ይጠብና ዚፑ አልዘጋ ይላል። ዚፑን በኋላ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር አስገቡ። ለቀርከሃ መልክ የሚስማማው የእጅ ሽመና ነው ብለን እናምናለን፤ ወፍራም ስለሆነም ከፋብሪካው ስስ ጨርቅ ይልቅ ሰበቃን ይችላል። በወረታ መንገድ ፎገራ ወረዳ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ በሽመናው የታወቀ ነው፤ ከባህር ዳር ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ወጪው ከበዛባችሁ መቀመጫውን ተራ ጨርቅ አልብሳችሁ የሽመናውን ለመደገፊያዎቹ ብቻ አድርጉ፤ ዓይን የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ነጭ ግን ለመቀመጫ አትምረጡ።

ወለሉ ላይ ብዙዎች ከሶፋው ጋር አብረው የሚገዙት የደንገል ምንጣፍ ነው። ያምራል፣ ዋጋውም አይጎዳም፣ የሐይቁን ዳር ሰዎች ሙያ ይደግፋል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ርጥበት ከነካው ይሻግታል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። በር አካባቢና ሰው በሚመላለስበት ቦታ አትጠቀሙበት። ግድግዳ ላይ፣ ከሶፋው ጀርባ ተሰቅሎ፣ ብዙ ዓመት ይኖራል።

ግድግዳውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ሐይቁ አጠገብ ባሉ ሰፈሮች ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣ ርጥበት የግድግዳውን ሥር ቀለም ይልጠዋል። ብዙ ሰው በዘይት ቀለም ይሸፍነዋል፤ ዘይት ቀለም ርጥበቱን ውስጥ ስለሚያስር ልስኑ አብሮ ይነሳል። የተላጠውን እስከ ጤናማው ልስን ድረስ ፍቃችሁ፣ በበጋ አድርቃችሁ፣ በውሃ ቀለም ቀቡ። 3 በ4 ሜትር ለሆነ ሳሎን፣ ጣሪያው 2.80 ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ ለመቀባት ሰባት ሊትር ገደማ ይበቃል። ሶፋውን ከግድግዳው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ አየር ካልገባ ከጀርባው ሻጋታ ያወጣል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ሥርም አታስቀምጡት። የረከቦቱን ቦታ ሜትር በሜትር ነፃ አድርጋችሁ ተዉ፤ ፍንጣሪ ቫርኒሽ ላይ እንዳያርፍ ከሰሉ ከሶፋው አንድ ሜትር ይራቅ።

ከሌሎቹ ጋር ስናወዳድረው፦ በችፑድ የተሠራ ርካሽ ሶፋ በአዲስነቱ ከቀርከሃው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ችፑድ ርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ብሎኑም ይነቀላል፣ ጠጋኝም አይመልሰውም። የዓረብ መጅሊስ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፣ ብዙ ሰውም ያስቀምጣል፤ ወለሉ ርጥበት ካለው ግን ስፖንጁ ከሥር ይሻግታል፣ ጉልበት ለሚያማቸውም አይመችም። ጥሩ የዋንዛ ሶፋ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ቀርከሃ የማይሆነው ልጆች ሶፋ ላይ ለሚዘሉበት ቤትና ሶፋውን እንደ አልጋ ለሚጠቀም ሰው ነው።

ትእዛዝ ለመስጠት ጥሩው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ዘንጉ በበጋ ሲቆረጥ ስታርቹ ያነሰ ነው፣ ማድረቁም ይቀላል። በክረምት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ያልደረቀ ነው። ከተማ ውስጥ ስትገዙ ዋጋው የማጓጓዣውን ይጨምራል፣ ግን ቅሬታ ቢኖራችሁ ሠሪውን ታገኙታላችሁ። እንጅባራ ድረስ ሄዶ መግዛት የሚያዋጣው ሁለት ሦስት ቤተሰብ አብሮ አንድ መኪና ሲጭን ነው፤ ሲጫን ዘንግ በዘንግ ላይ እንዳይፈጋ በየመሃሉ ጆንያ ይግባ። ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ። ልኩን፣ የቡሎኑን ቁጥርና መድኃኒቱን በወረቀት አስፍሩ፤ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ የላላውን በነፃ ለማጥበቅም ሠሪው እዚያው ላይ ይፈርም።