ከፒያሳ ፎቶኮፒ ቤቶች የሚሸጠው የፍሬዛል ቨርብ ጥራዝ፦ ይገዛ፣ ግን እየተጻፈበት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤቶች ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚሸጡት ይህ ጥራዝ አዘጋጅም አሳታሚም አልተጻፈበትም። በግራ እንግሊዝኛው ፍሬዛል ቨርብ (ግሥ እንደ «ኦን»ና «ኦፍ» ካለ አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ፍቺ ሲሰጥ)፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል። የቃላቱ ምርጫ ጥሩ ነው፤ ለፈተናም ለሥራም የሚያስፈልጉት አሉበት። የሚያሳስተው የቀኙ ዓምድ ነው።

«ሉክ ፎር» ትይዩ «ፈለገ» ተብሏል። እኛ የጠፋ ቁልፍም እንፈልጋለን፣ ስኳርም እንፈልጋለን። ሉክ ፎር ለቁልፉ ነው። ጥራዙን የሸመደደ ተማሪ ግን «ስኳር ትፈልጋለህ?» ለማለት «ዱ ዩ ሉክ ፎር ሹገር?» ይላል፤ እዚህ የሚገባው «ዋንት» ነው።

«ፑት ኦን — ለበሰ»ም እንዲሁ ጎዶሎ ነው። ፑት ኦን የመልበሱ ድርጊት ነው፤ ለብሶ መገኘት «ዌር» ይባላል። በደሴ ብርድ ሹራቡን ለብሶ የቆመን ሰው «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ስዌተር» ካልነው ገና እጅጌውን እያስገባ ነው። ደግሞም ፑት ኦን ለጫማ፣ ለመነጽርና ለሰዓትም ያገለግላል፤ እኛ ጫማና መነጽር እናደርጋለን፣ ሰዓት እናስራለን። «ለበሰ» ብቻ ያነበበ ይህን ከየት ያገኘዋል?

ከሁሉ የሚከፋው ተሳቢው የት እንደሚቀመጥ አለመነገሩ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ትክክል ናቸው። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መሃል መግባት አለበት፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» የምንለው በአማርኛ ልማድ ነው፤ «አጠፋው» ስንል «ው» ግሡ ጫፍ ላይ ስለምትለጠፍ «ኢት»ንም ጫፍ ላይ እንለጥፋለን። «ሉክ አፍተር» ደግሞ ጭራሽ አይከፈልም፣ ተሳቢው መሃሉ አይገባም፤ ልጅቷን ተንከባከባት ለማለት «ሉክ አፍተር ሄር» ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሥራ ሪፖርት በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ብሬክ ዳውን — ተበላሸ» የሚለውን ይጠንቀቅ። «ዘ ማሺን ብሮክ ዳውን» በቂ ነው። የአማርኛዋ «ተ» ተገብሮ እያስመሰለችው «ዋዝ ብሮክን ዳውን» የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ቃሉም ለማሽንና ለመኪና እንጂ ለተበላሸ ወጥ አይሆንም፤ ለምግብ «ጎ ኦፍ» ወይም «ጎ ባድ» ይባላል።

ባለ ሦስት ቃሎቹ ተጨናንቀው መጨረሻ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ከነሱ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»ን (በጉጉት ጠበቀ) ብቻ እናንሳ፤ ከኋላው ግሥ ሲከተል «አይኤንጂ» ይጨመርበታል፦ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲይንግ ዩ»።

መግቢያ ቢኖረው አንድ ምሳሌ ይበቃው ነበር። «ብድግ አለ» ስንል ማንም ምንም አልተናገረም፤ «ብድግ»ና «አለ» ተጣምረው አዲስ ፍቺ ሰጡ። «ጌት አፕ»ም (ተነሣ) እንደዚያው ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ መተርጎም አያዋጣም።

ለገዛው ሰው የሚሻለው አጠቃቀም፦ በእያንዳንዱ ቃል ጎን በእርሳስ «ይከፈላል»፣ «አይከፈልም»፣ «ተሳቢ የለውም» ብሎ መጻፍ። ለማጣራት ሎንግማን መዝገበ ቃላት ይረዳል፤ በሚከፈሉት ላይ ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት አለው። ቀጥሎ የቀኙን ዓምድ በወረቀት ሸፍኖ ለአንዱ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር መሥራት፤ አንዱ በስም፣ አንዱ በተውላጠ ስም። በቀን አምስት ቃል ይበቃል፤ ሃያ ያጠና በማግስቱ «ፑት ኦፍ»ንና (ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ) «ፑት ኦን»ን ያምታታል።

ከመግዛት በፊት ግልባጩን ብርሃን ላይ አይቶ መምረጥ ነው። በደበዘዙት ላይ የ«ኦፍ» ሁለተኛ ኤፍ ጠፍታ «ኦቭ» ሆና ትነበባለች፤ «ተርን ኦቭ» የሚባል ግሥ ደግሞ የለም።