የጌም ማፍጠኛ ሶፍትዌር ለ8 ወር ተጠቀምኩ፤ ላፕቶፔን ያፈጠነው ግን ሌላ ነገር ነው

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ቀን ቀን በላፕቶፔ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ማታ ላፕቶፑ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ጌም ይጫወትበታል። ሥራ ሲቀለኝ እኔም አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ክፍል)፣ 8 ጊጋ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ)፣ ኤስኤስዲ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚሠራ ክፍል የለውም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣውን ነው የሚጠቀመው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መስከረም 2017 ላይ ነው ወንድሜ የመጣው። «ወንድምዓለም፣ ጌም የሚያፈጥን ሶፍትዌር አለ አሉ፤ እንጫነው» አለኝ። መጀመሪያ ነጻውን ሞከርን። ከዚያ የአንድ ዓመት ፈቃድ ገዛን። ውጭ አገር ያለ ጓደኛዬ በካርዱ ከፈለልኝ፣ እኔ እዚህ ለእናቱ 2,600 ብር ሰጠሁ። የሶፍትዌሩን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብዙ ነው፣ የሚሠሩትም ነገር በጣም ይቀራረባል።

መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎን ነበር። መሃል ላይ ትልቅ ቁልፍ አለው። ሲነካ ክብ ነገር ይሽከረከርና «1.4 ጊጋ ራም ነጻ ሆነ» ይላል። ጌሙም የቀለለ ይመስላል። ሁለት ወር ሙሉ ይሠራል ብዬ ነው ያመንኩት። ለሁለት ደንበኞቼም ግዙ ብዬ መክሬአለሁ። ይህን ጽሑፍ በዝርዝር የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ነው።

ኅዳር ላይ መለካት ጀመርን። የሚለካው ነገር ፍሬም ነው፤ ስክሪኑ በአንድ ሴኮንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ ማለት ነው። 60 ፍሬም እንዲወጣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ መጨረስ አለበት። ለ30 ፍሬም 33.3 ሚሊሰከንድ ጊዜ አለው። ይህን የሚቆጥር ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም ደግሞ ራሱ ውስጥ መፈተሻ አለው። ሁልጊዜ ያንኑ መንገድ ያሳያል። ለማነጻጸር ይመቻል።

የተማሪ ደብተር አወጣሁና መጻፍ ጀመርኩ። ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ሌላ ነገር ሁሉ ተዘግቶ፣ ዝቅተኛው ግራፊክስ ላይ። ማፍጠኛው ሳይበራ አምስት ጊዜ፣ በርቶ አምስት ጊዜ። ሳይበራ አማካዩ 31 ፍሬም ሆነ። በርቶ 32። ታዲያ ምንም ሳልነካ ደግሜ ስለካም የአንድና የሁለት ፍሬም ልዩነት ይመጣል። ስለዚህ ያቺ አንዷ ፍሬም ምንም አትነግረንም።

ወንድሜ አልተቀበለኝም። «ቁጥሩን ተወው፣ እኔ እጄ ላይ ይታወቀኛል» አለ። እውነቱን ነው፣ ተጫዋች በእጁ የሚያውቀው ነገር አለ። ስለዚህ እሱን ራሱን ፈተንነው። እሱ ከመግባቱ በፊት ሳንቲም እጥላለሁ። አንበሳው ከወጣ ማፍጠኛውን አበራለሁ፣ ካልወጣ አላበራም። ጌሙን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ። ተጫውቶ ሲጨርስ በርቶ ነበር ወይስ አልበራም ብዬ እጠይቀዋለሁ። 12 ማታ እንዲህ አደረግን። ያገኘው 5ቱን ነው። አንድ ቀን «ዛሬማ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው» ያለኝ ጭራሽ ሳይበራ ነበር። ደብተሩን ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ከእኔ ብሶ መለካት የወደደው እሱ ሆነ።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን የተረዳሁትን ያህል ልንገራችሁ።

«ራም ነጻ ማድረግ» የሚለው ነገር ሲሰሙት ጥሩ ነው። ዊንዶውስ ግን ትርፍ ራም ካገኘ ባዶውን አያስቀምጠውም። በቅርቡ የተጠቀምንበትን ነገር ያስቀምጥበታል፣ ስንፈልገው ቶሎ እንዲያቀርብልን። ጌሙ ቦታ ሲጠይቅ ደግሞ ያንን ወዲያው ይለቅለታል። ማፍጠኛው ይህን ጠርጎ ሲያወጣው ቁጥሩ ያምራል። ግን የተጠረገው ነገር ሲፈለግ እንደገና ከዲስክ መምጣት አለበት። ዲስክ ከራም በጣም ይዘገያል። እኛም ቁልፉን ጌም መሃል ስንነካው ምስሉ ለአፍታ ቀጥ ሲል በተደጋጋሚ አይተናል።

ሁለተኛው ሥራው ለጌሙ ቅድሚያ መስጠት ነው። ፕሮሰሰሩን የሚሻማ ሌላ ፕሮግራም ካለ ይጠቅማል። ተሻሚ ከሌለ ከማን ይቀድማል? እኛ ደግሞ ስንለካ ሌላውን ሁሉ ዘግተን ነው። ሦስተኛው ኢንተርኔት ማፋጠን ነው። ዶታ 2 የሚባለውን ጌም የምንጫወተው በዱባይ ሰርቨር ነው፤ ፒንጉ (ዳታው ሄዶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ) ቅንጣት አልተነቃነቀም። ዳታው እዚያ ድረስ ሄዶ መመለስ አለበት፣ ርቀቱን ሶፍትዌር አያሳጥረውም።

ማፍጠኛው የሠራበት ጊዜ አለ፤ ያንን መደበቅ ልክ አይደለም። ቀን የከፈትኩትን ክሮም ከ20 ገጽ ጋር ሳልዘጋ ጌም ከከፈትን 26 ፍሬም ነው የምናገኘው። ማፍጠኛው ክሮሙን ሲዘጋው ወደ 31 ይመለሳል። አምስት ፍሬም ቀላል አይደለም። ግን ክሮሙን በእጄ ስዘጋውም 31 ነው። 4 ጊጋ ራም ያለው፣ ሲበራ አሥር ፕሮግራም አብሮት የሚነሳ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከእኔ የበለጠ ለውጥ ሊያይ ይችላል። እሱም ቢሆን ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብቶ ስታርትአፕ የሚለው ላይ የማይፈልገውን ቢያጠፋ ያንኑ በነጻ ያገኛል። ዊንዶውስም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ጌም ሞድ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ጌሚንግ የሚለው ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን ያናደደኝን ልናገር። ማፍጠኛው ከኋላ የሚሠራ ነገር ሲያይ ጌም ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ለእኔ ይጠቅመኝ እንደሆነ አይጠይቅም። የአማርኛ መተየቢያዬን ፓወር ግዕዝን ሁልጊዜ ይዘጋዋል። ጠዋት መጥቼ በአማርኛ መተየብ ስጀምር የሚወጣው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ይህ በአንድ ክሊክ ይስተካከላል። ታኅሣሥ ላይ የደረሰው ግን ይከብዳል።

ማታ መብራት ጠፍቶ ወንድሜ በባትሪ ሲጫወት ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ በቁሙ ጠፋ። ማፍጠኛው ጌም ሲጀመር ያጠፋቸውን የዊንዶውስ አገልግሎቶች ጌም ሲያልቅ መመለስ ነበረበት። ሳይመልስ ቀረ። ከጠፉት አንዱ የፕሪንተሩ ነው። ጠዋት ከባሶና ወራና ገጠር አንድ አባት የመሬት ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ። ጻፍኩ። ፕሪንት አይወጣም። ገመዱን ነቀልኩ፣ ፕሪንተሩን አጠፋሁ አበራሁ፣ ወረቀት ቀየርኩ። በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ መኪናው ታመመብህ እንዴ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። በመጨረሻ ፕሪንት ስፑለር የሚባለው አገልግሎት መዘጋቱን አገኘሁና አበራሁት። ብር አልተቀበልኳቸውም። የጠፋባቸው ሰዓት ግን አይመለስም። ላፕቶፓችሁ እንጀራችሁ ከሆነ ይህን በደንብ አስቡበት።

ዋናው ነገር የተገለጠልን ግን በፋሲካ ነው። ለበዓሉ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ዘንድ ወረድን። ከደብረ ብርሃን ተነስተን የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ልብስ እያወለቅን ነው የሄድነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሸዋ ሮቢት ከዚያ ግማሽ አትደርስም። ላፕቶፑን ይዘን ነበር። ወንድሜ ጌሙን ከፈተ፣ ማፍጠኛውም በርቷል። ሲጀምር 31 ፍሬም። ከ20 ደቂቃ በኋላ 19። አክስቴ ቡና ልታቀርብ ላፕቶፑን ፈቀቅ ስታደርግ ደነገጠች። «ኧረ ይሄ ነገር እንደ ምጣድ ግሏል እኮ!»

ሙቀቱን አየን፤ 97 ዲግሪ። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ነው። ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ መሄድ የሚችለው 1.3 ላይ ወርዶ አገኘነው። ማፍጠኛው ይህን ሁሉ ጊዜ «ሙሉ ኃይል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ እያሳየን ነበር።

ያን ጊዜ ነው የራሴ ደብተር የገባኝ። ጥሩ ቁጥር የተመዘገበባቸው ማታዎች ውርጭ የነበረባቸው ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ብርዱ ግን ያንን ያካክሰዋል። ማፍጠኛውን ነው ብለን ስናመሰግን የከረምነው የኅዳርን ብርድ ነው።

ከበዓሉ እንደተመለስን ለጥገና ሰጠሁት። ባለሙያው ሲከፍተው ፋኑ መውጫ ላይ እንደ ስጋጃ የተደረበ ግራጫ ነገር ወጣ። የወረቀት ብናኝ፣ የከሰል ምድጃ አመድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሱፍ። ወንድሜ ማታ ማታ ብርዱን ሽሽት አልጋ ላይ ሆኖ ላፕቶፑን ባናው ላይ አስቀምጦ ነው የሚጫወተው። የእኛ አገር ባና ለሰው እንጂ ለላፕቶፕ አልተሠራም፤ የአየር መግቢያውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ተጠረገ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ስለነበር ተቀየረ። 500 ብር ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ብንጫወትም 34 ፍሬም ላይ ይቆማል፣ አይወርድም።

ባለሙያው ሌላም ነገር አሳየኝ። «ያለህ አንድ ራም ነው፣ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው» አለኝ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ መጣ። ለብቻው ካርድ የሌለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ራም ይጋፋል። የእኔ ራም ዓይነቱ ዲዲአር 4፣ ፍጥነቱ ባለ 2400 ነው። አንዱ ብቻውን በሴኮንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ነው የሚያሳልፈው። ሁለት ሲሆኑ መንገዱ እጥፍ ሆኖ 38.4 ይደርሳል። የበግ ጋጣ አስቡ። በጉ ያው ነው፣ በሩ ግን ሁለት ሆነ። ያገለገለ 8 ጊጋ በ3,200 ብር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በዚያው መፈተሻ፣ በዚያው ሴቲንግ 45 ፍሬም። ወንድሜ መጀመሪያ ተሳስቼ የለካሁ መስሎት ሦስት ጊዜ ደገመው።

ለማፍጠኛው ከከፈልኩት ላይ 600 ብር ብጨምር ኖሮ ይህን ራም መስከረም ላይ እገዛው ነበር። ይቆጨኛል። ሶፍትዌሩ በሌላ ፕሮግራም የተያዘብንን ኃይል ሊያስለቅቅ ይችላል። ፋኑ ላይ ያለውን ሱፍ ግን አያይም፣ ባዶውን የራም ቦታም አይሞላም።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ አጠፋሁት። ፈቃዱ እስከ መስከረም የሚሠራ ነበር፣ ላድሰው አልፈለግኩም። ለሁለቱ ደንበኞቼ ደውዬ ነግሬአቸዋለሁ። አንዱ ገና አልገዛም ነበር። ሌላው ላፕቶፑን ይዞ መጣና አብረን ከፈትነው፤ የእሱም አንድ ራም ነው።

ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የራሳችሁን ልትለኩ ካሰባችሁ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይሁን። በባትሪ ከሆነ ላፕቶፑ ራሱ ኃይሉን ስለሚቆጥብ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። ከመለካታችሁ በፊትም 20 ደቂቃ ተጫወቱ፣ ይሙቅ። ከባና ላይ ደግሞ አንሱት።