ቀጣዩ መብራታችን ከየት ይምጣ? ውሃ፣ ነፋስ፣ እንፋሎት፣ ፀሐይ ወይስ ኒውክሌር

ጅማ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ “ህዳሴ ተመርቆ የለ እንዴ?” ልክ ነው፣ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ግልገል ጊቤ አንድም ያለው እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው። ከተማ ውስጥ መብራት የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ በመስመርና በትራንስፎርመር ችግር ስለሆነ፣ ያንን ለሌላ ቀን ላቆየው። የዛሬው ጥያቄ አገሪቱ ወደፊት ለማመንጫ የምታወጣውን ገንዘብ የቱ ላይ ብታውለው ይሻላል የሚለው ነው።

የማመንጫ ሻጭ ሁሉ ሜጋ ዋት፣ ማለትም ማመንጫው በአንዴ ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል ይጠራል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ግንቦት ላይ ስንት ይሰጣል?

ግንቦት ያልኩት በምክንያት ነው። ጅማ ላይ በግንቦት ዝናቡ ጀምሯል። ትልልቆቹ ግድቦች ግን በዋናነት የሚሞሉት በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ነው፤ ክረምት ሊገባ ሲል ጎድለው ይጠብቃሉ። ግንቦት 2011 የጊቤ ሦስት ውሃ ወርዶ አገሩ መብራት በፈረቃ ማግኘቱን የሚረሳ ያለ አይመስለኝም።

ከውሃ እንጀምር። አንዴ ከተገነባ ነዳጅ አይፈልግም፤ ተርባይኑም በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። ህዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ሲባል ግን ሁልጊዜ ያንን ያህል ይሰጣል ማለት አይደለም። በዓመት ያመነጫል የተባለው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት (15.7 ሚሊዮን ሜጋ ዋት ሰዓት) ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ይመጣል። ይህ ነውር አይደለም፤ ብዙ ተርባይን የተተከለው ፍላጎት ሲንር እንዲደርስ ነው። የሚያሳስበኝ ከምናመነጨው ከ90 በመቶ በላይ ውሃ መሆኑ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲያንስ ብዙዎቹ ግድቦች አብረው ይጎዳሉ።

ደለሉም አለ። ከጅማ ዞን እርሻና ተራራ የሚታጠበው አፈር ጊቤ አንድ ውስጥ ይገባል። ጊቤ አንድ ራሱ 184 ሜጋ ዋት ነው፤ 420 ሜጋ ዋት የሚባለው ጊቤ ሁለት ደግሞ የራሱ ትልቅ ማጠራቀሚያ የለውም። ከጊቤ አንድ የወጣውን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ይቀበላል። ላይኛው በደለል ከሞላ ታችኛውም ይጎዳል። ስለዚህ አዲስ ግድብ ከመጀመር የተጀመረውን የኮይሻ ግድብ መጨረስና ተፋሰሱ ላይ እርከን መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ።

ነፋስ የግንቦትን ፈተና በደንብ ያልፋል። በብዙ ቦታ የሚበረታው በደረቁ ወራት፣ ማለትም ግድቡ በሚጎድልበት ጊዜ ነው። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ሆነው ተተክለዋል። ነፋስ ይነሳል፣ ይተኛል፤ አውሮፓ ውስጥ ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው። እኛ ግን ግድብ አለን! ሲነፍስ የግድቡን ውሃ ቆጥበን፣ ሲተኛ እንለቀዋለን። ችግሩ ተርባይኑም መለዋወጫውም በዶላር መሆኑ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው።

የከርሰ ምድር እንፋሎት ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌሊት ይሠራል። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ዋት ታወጣለች። እኛ ስምጥ ሸለቆው ላይ ተቀምጠን በ1991 አሉቶ ላንጋኖ ላይ በ7.3 ሜጋ ዋት ጀመርን፤ እሱም ሲሠራ ሲቆም ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጉድጓዱ እስኪቆፈር በቂ እንፋሎት ይኑር አይኑር አይታወቅም፣ ቁፋሮው ደግሞ ሚሊዮን ዶላሮችን ይበላል። ባንክ እንዲህ ያለ ቁማር አይወድም። የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች መንግሥት ካስቆፈረ ባለሀብት ይመጣል። ሁለተኛ ምርጫዬ ነው።

ፀሐይ በዋጋ ማንም አይደርስባትም፤ ፓነል በጣም ረክሷል። ችግሩ አገሩ ሁሉ መብራት የሚያበራው ማታ ነው፣ ጅማ ደግሞ ለወራት ደመና ናት። ለትልቅ ማመንጫ ምሥራቁ ቆላ ይመረጣል። እኛ ጋ የምትጠቅመው መስመር ላልደረሰባቸው ቀበሌዎች ነው፤ ለአምፖል፣ ለስልክ ቻርጅ፣ ለቲቪ። ምጣድ ግን አትሞክሩባት።

ቆሼ ላይ የተሠራው የቆሻሻ ማመንጫ 25 ሜጋ ዋት ነው። ለጽዳት ጥሩ፣ ለመብራት ግን ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ኒውክሌር? መስከረም 2018 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ግንቦትን አይፈራም፣ ድርቅንም እንደዚያው። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሆኑ አራት የኒውክሌር ማብላያዎች (ሪአክተሮች) እየገነባች ነው፤ ለዚያ ከሩሲያ የተፈቀደላት ብድር 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሌላም አለ፦ እንዲህ ያለ አንድ ማብላያ ድንገት ቢቆም 1,200 ሜጋ ዋት በአንዴ ይጠፋል፤ ያንን ወዲያው የሚተካ መጠባበቂያና የሚሸከም መስመር አስቀድሞ መኖር አለበት። ባለሙያ ማሰልጠኑ ዛሬ ይጀመር፤ ብድሩ ግን መስመሩ እስኪጠናከር ይቆይ።