ዲፒፒኤች፦ በሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነጻ ራዲካል

የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን የሚመረምሩ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን በማግዝበት ቤተ ሙከራ፣ ከመደርደሪያው እንደ ዲፒፒኤች በተደጋጋሚ የሚነሳ ኬሚካል የለም። 1 ግራም በሚይዝ ቡናማ ብልቃጥ የሚመጣ፣ ወደ ጥቁር ያደላ ሐምራዊ ዱቄት ነው፤ የምንጠቀምበትም የዕፅዋትን ነጻ ራዲካል የማርከስ (አንቲኦክሲዳንት) አቅም ለመለካት ነው። ለዓመታት ስንጠቀምበት ያየሁትን ጥንካሬና ድክመት እዚህ የምጽፈው፣ አዲስ ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ የተዘጋጁ ባልደረቦች ብልቃጡን ከመግዛታቸው በፊት ምን እንደሚገዙ በሚገባ እንዲያውቁ ብዬ ነው።

ኤሌክትሮን ጥንዱን ይፈልጋል። ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የተሸከመ ሞለኪውል፣ ማለትም ነጻ ራዲካል፣ ወይ ከመሰሉ ጋር ይጣመራል፣ ወይ ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ስለዚህ የአብዛኞቹ ነጻ ራዲካሎች ዕድሜ ከሽርፍራፊ ሰከንድ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1900 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሞሰስ ጎምበርግ ሦስት የፌኒል ቀለበቶች (የስድስት ካርቦን ቀለበቶች) የከበቡትን የካርቦን ራዲካል ሲያገኙ ኬሚስቶችን ያስገረመው እንዲህ ያለ ነገር መቆየት መቻሉ ነበር፤ ይሁንና የእርሳቸው ቢጫ ፈሳሽ ኦክስጅን ሲያገኘው ወደ ፐርኦክሳይድ ይለወጥ ነበር። ጎልድሽሚትና ሬን እ.ኤ.አ. በ1922 ያቀረቡት ዲፒፒኤች ግን ክፍት አየር ላይ በማንኪያ ተወስዶ በሚዛን ይለካል። ምስጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። ብቸኛው ኤሌክትሮን ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ናይትሮጅኖች ላይ ይንሸራሸራል፤ በአንድ ወገን ሁለት የፌኒል ቀለበቶች ኤሌክትሮን ይለግሱታል፣ በሌላው ወገን ሦስት የናይትሮ ቡድኖች የተሸከመው ቀለበት ይስበዋል፤ እነዚሁ ግዙፍ ቀለበቶች ደግሞ ዙሪያውን አጥረው ሁለት ሞለኪውሎች ተቀራርበው እንዳይጣመሩ ይከለክላሉ። አንዱ ዘዴ ብቻውን ባልበቃ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ማዋሃድ እስከ ዛሬ የማደንቀው የኬሚስትሪ ጥበብ ነው።

ውድ ስለሆነ እዚሁ እንሥራው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። መንገዱ በወረቀት ላይ አጭር ነው፤ ዳይፌኒልሃይድራዚንን ከፒክሪል ክሎራይድ ጋር አገናኝቶ፣ የተገኘውን ውህድ በሊድ ዳይኦክሳይድ አንድ ሃይድሮጅን ማስለቀቅ ነው። ነገር ግን ፒክሪል ክሎራይድ ፈንጂ፣ ሊድ ዳይኦክሳይድም መርዛማ ስለሆነ፣ ለማስተማሪያ ቤተ ሙከራ የሚመከር ሥራ አይደለም። መግዛቱ ይሻላል።

በሥራ ላይ ሲታይ ደስ የሚያሰኝ ነው። 4 ሚሊግራም ያህል በ100 ሚሊሊትር ሜታኖል ሲሟሟ 0.1 ሚሊሞላር ገደማ የሆነ ደማቅ ሐምራዊ ፈሳሽ ይሰጣል፤ በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ሲለካም አብሶርባንሱ (ፈሳሹ ብርሃን የመምጠጡ መጠን) ከ1 ትንሽ ከፍ ይላል። በቅርቡ አንዲት ተማሪ የጦስኝ ጭምቅ በጠብታ ስትጨምርበት አጠገቧ ነበርኩ። ጠብታው ያረፈበት ቦታ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ሐምራዊው ከኩቬቱ (ፈሳሹ ከሚለካበት ትንሽ ግልጽ ዕቃ) አናት ወደ ታች እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ ቀጭን ሻይ ያለ ቢጫ ብቻ ቀረ። በጦስኝ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮልን የመሰሉ ፌኖሎች ሃይድሮጅናቸውን ሰጥተው ኤሌክትሮኑን ጥንድ አስገኝተውለታል። 30 ደቂቃ በጨለማ አቆይቶ የቀረውን ቀለም ማንበብ ብቻ ነው፤ ይህን ብርሃን ከሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ሌላ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የምርቱ ሳይሆን የአቅርቦቱ ነው። ብልቃጡ በማቀዝቀዣ፣ ከብርሃን ተከልሎ መቀመጥ ሲገባው፣ ከአንድ አስመጪ የተረከብነው ብልቃጥ ያለ በረዶ በተራ ካርቶን መጥቶ ንብረት ክፍል ውስጥ ሳምንታት ከርሞ ነበር። እንደ ደንቡ መዝነን አሟሟነው፤ ንባቡ 0.7 ሆነ። አስመጪው ለመለወጥ ፈቃደኛ አልሆነም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ራዲካሉ ተዳክሞ ሲመጣ ቀለሙን ለማጥፋት ትንሽ ጭምቅ ይበቃል፤ ስለዚህ የተበላሸ ዲፒፒኤች ተክሉን ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ኃይለኛ አስመስሎ ያሳያል። ተማሪው በጥሩ ውጤት ተደስቶ ስህተቱን ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ይዞት ይገባል፣ አማካሪውም መልካም ቁጥር አይቶ አይጠረጥርም። በዚህ ምክንያት አዲስ ብልቃጥ በተከፈተ ቁጥር በቫይታሚን ሲ እንፈትነዋለን፤ አንድ የቫይታሚን ሲ ሞለኪውል ሁለት የዲፒፒኤች ሞለኪውሎችን ስለሚያረካ፣ ከዚህ ልኬት የራቀ ውጤት ብልቃጡን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ቅሬታ ከራሱ ከሞለኪውሉ የሚመነጭ በመሆኑ ማንም አስመጪ አያስተካክለውም። ለመረጋጋቱ አጥር የሆኑት ቀለበቶች፣ ሊያረኩት የሚመጡትን ሞለኪውሎችም ያግዳሉ። ትንንሾቹ ቶሎ ይደርሱበታል፣ ግዙፎቹ ግን ሃይድሮጅን ለመስጠት ዝግጁ ቢሆኑም ወደ ናይትሮጅኑ ለመጠጋት ይቸገራሉ፤ 30 ደቂቃው ሲያልቅም ደካማ ተብለው ይመዘገባሉ። ቀለም ያላቸው ጭምቆችም ችግር ይፈጥራሉ። ለምሳሌ የቀይ ሥር ቀለም ራሱ ከ517 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚመጥ፣ የጭምቁን ብቻ ንባብ ለይቶ ያልቀነሰ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ያገኛል። ደግሞም ይህ ራዲካል በሰውነታችን ውስጥ የሌለ፣ ሙከራውም በሜታኖል ውስጥ የሚካሄድ ስለሆነ፣ በኩቬት ውስጥ ቀለም ያጠፋ ተክል በሽታ ያድናል ብሎ ማሸጊያ ላይ መጻፍ ሕዝብን ማሳሳት ነው።

ቴምፖ የተባለውን ብርቱካናማ ራዲካል በምትኩ መግዛት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ቴምፖ ናይትሮጅኑን በአራት ሜቲል ቡድኖች ያጠረ ድንቅ ሞለኪውል ነው፤ የተለመደ ሥራው ግን አልኮሎችን ኦክሳይድ ማድረግ ላይ ማገዝ ስለሆነ፣ ለዕፅዋት ፍተሻ ዲፒፒኤችን አይተካም።

ለሚገዙ የምመክረው 1 ግራሙን ብቻ እንዲወስዱ ነው። ከ1 ግራም 25 ሊትር ያህል የሥራ ፈሳሽ ይወጣል፤ በየኩቬቱ 3 ሚሊሊትር ቢገባ ከ8000 በላይ ንባብ ማለት ነው። ትልቁ ብልቃጥ በግራም ሲሰላ ርካሽ ቢመስልም፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳያልቅ ይዳከማል። ፕሮፎርማው ላይ የምርት ቀኑና በበረዶ የማጓጓዝ ግዴታው በጽሑፍ ይስፈር፣ ርክክቡም የአብሶርባንስ ንባቡ ከታየ በኋላ ይፈረም። ፈሳሹን በአልሙኒየም ፎይል በተጠቀለለ ዕቃ በየዕለቱ አዲስ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ የትናንቱን ለዛሬ ማሳደር እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ክልክል ነው።