ስምንት ወር የሳልኩበት የውሃ ድንጋይ መሐሉ ጎድጉዶ አገኘሁት

ባለፈው ሳምንት የዋንዛ ጠረጴዛ ፊት እየላግኩ ነበር። መላጊያው መሐል መሐሉን ይበላል፣ ዳርና ዳሩ ግን እንጨቱን አይነካም። እጄን ሳሳልፍበት ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ እንጨቱን ጠረጠርኩ፤ ግን ዋንዛ ለመላጊያ ገር ነው፣ እንዲህ አያስቸግርም። ምላጩን አውጥቼ በውሃ ድንጋዩ፣ ማለትም ውሃ እያራስኩ በምስልበት መሳያ ድንጋይ፣ ደግሜ ሳልኩት፣ ባሰበት። በመጨረሻ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ ድንጋዩ ላይ አቁሜ ወደ መስኮቱ አየሁ። በመሐል ብርሃን ያልፋል! ስምንት ወር ሙሉ የተማመንኩበት ድንጋይ ጎድጉዷል፣ ምላጩም የጎድጓዳውን ቅርጽ ይዞ ሆዱ ወጥቷል።

ድንጋዩ ባለ ሁለት ፊት ነው፤ በአንዱ በኩል ቁጥር 1000፣ በሌላው 6000፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ ይልማል። ስገዛው «ስንት ዓመት ያገለግላል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሻጩ «ድንጋይ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» አለኝ። ወንድሜ፣ ይሆናል እንጂ! የውሃ ድንጋይ ፈጥኖ የሚስለው ቅንጣቶቹ ላላ ብለው ስለተያያዙ ነው። የደነዘው ይረግፋል፣ ከሥሩ አዲስ ስለታም ይወጣል። በየቀኑ መሐሉ ላይ ብቻ ከሳልክ ደግሞ የሚያልቀው መሐሉ ነው። እናቶቻችን ወፍጮውን እየቆዩ ይወቅሩት የለ? መሳያ ድንጋይም የራሱ ጥገና እንዳለው ስትሸጥልኝ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

መፍትሔው ቀላል ነው፣ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ወፍራም መስታወት ላይ ውሃ የማይፈራ ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት አነጠፍኩ። የድንጋዩን ፊት በእርሳስ አግድምና ቁልቁል አሰመርኩበት፣ ውሃ እያፈሰስኩ መሐል ላይ ያለው መስመር እስኪጠፋ ፈገፈግኩት። የመጀመሪያው ቀን ክንዴ እስኪዝል ፈጀብኝ። ከዚያ በደንብ ማጠብ ግድ ነው፤ ከወረቀቱ የቀረች አንዲት ቅንጣት 6000ው ላይ ከተገኘች ምላጩን ትጭረዋለች።

የዘይት ድንጋይ ይሻልህ ነበር የሚሉኝ አሉ። እሱ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይጎደጉድም፣ እውነት ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚስለው፣ በዘይት የተነካ እጅ ደግሞ ገና ቀለም ያልተቀባ እንጨት ላይ ምልክት ይጥላል፤ እኔ እሱን አልችልም። ዛሬ ብገዛ ለሻካራው ሥራ አልማዝ የተለበጠበትን የብረት ሰሌዳ እወስድ ነበር፣ እሱ አይጎደጉድም። 6000ውን ግን አልለቅም። ከተስተካከለ በኋላ የሳልኩት ምላጭ ከዋንዛው ላይ ያነሳው ፍቅፋቂ በስስነቱ ብርሃን ያሳያል፤ ይህን ሳይ በድንጋዩ ላይ የነበረኝ ቂም ወጣልኝ። በሻጩ ላይ ያለኝ አልወጣም።

አሁን እርሳሱ ከድንጋዩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሦስት አራት ጊዜ ከሳልኩ በኋላ አሰምራለሁ። ጠረጴዛው ነገ ያልቃል። የሁለቱ መሮዎች ጀርባ ግን በዚያው ጎድጓዳ ላይ ሲታሽ ከርሞ ክብ ብሏል፣ እሱን ለማቅናት ገና ብዙ ምሽት ይጠብቀኛል።