የፒዲኤፍ ፕላንን ወደ ኦቶካድ መመለስ፦ የ«ፒዲኤፍ ኢምፖርት» ግምገማ

ነባር ቤት ለማደስ ወይም ፎቅ ለመጨመር የሚመጣ ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው የፕላኑ ፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የዲደብሊውጂ ፋይል (ኦቶካድ በተባለው የንድፍ መሣያ ፕሮግራም ሊታረም የሚችለው) የሠራው ባለሙያ ዘንድ ቀርቷል፣ ወይም ከነኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ስለዚህ ፒዲኤፍን ሊታረም ወደሚችል ንድፍ መመለስ ለእኛ ለንድፍ ሠሪዎች የዘወትር ሥራ ሆኗል። እዚህ የምገመግመው ከኦቶካድ 2017 እትም ጀምሮ በፕሮግራሙ ውስጥ የተካተተውን «ፒዲኤፍ ኢምፖርት» የተባለ ትእዛዝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ፒዲኤፉን በጣም አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል። መስመሩ እየጎላም ጥርት ብሎ ከቀጠለ በቀጥታ ከንድፍ ፕሮግራም የወጣ ነው፤ ወደ ነጠብጣብ ከተበታተነ ግን ስካን የተደረገ ወረቀት ስለሆነ ትእዛዙ ምስሉን እንደ ምስል ከማምጣት ያለፈ ነገር ሊያደርግለት አይችልም።

ለመጀመሪያው ዓይነት ፋይል መሣሪያው በእውነት የሚመሰገን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤት የተሠራ ፕላን ሳስገባ ግድግዳዎቹ፣ ደረጃዎቹና የበር ቅስቶቹ ሊመረጡና ሊንቀሳቀሱ የሚችሉ መስመሮች ሆነው መጡ፤ በፒዲኤፉ ውስጥ ሌየሮች (የንድፉ ክፍሎች ተለያይተው የሚቀመጡባቸው ንብርብሮች) ተቀምጠው ስለነበር እነርሱም አልጠፉም። ከማስገባት በፊት የተቆራረጡ ሰረዞችን ወደ አንድ መስመር የሚመልሰውን አማራጭ መምረጥ እመክራለሁ፤ አለበለዚያ አንዲት የአክሲስ (በሰረዝ የሚሣል የማዕከል) መስመር በደርዘን የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ሆና ትመጣለች።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በስኬሉ፣ ማለትም በንድፉና በእውነተኛው መጠን ንጽጽር ላይ ነው። ንድፉ የሚመጣው በወረቀቱ መጠን ስለሆነ በ1፡100 የታተመ 90 ሴንቲ ሜትር በር 9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገኛል። በርዕስ ሰንጠረዡ ላይ የተጻፈውን ስኬል አምኖ 100 ጊዜ ማሳደግም አደገኛ ነው፤ በኤ1 የተዘጋጀ ፕላን ወደ ኤ3 ተቀንሶ ከታተመ እያንዳንዱ ርዝመት በግማሽ ስለሚያንስ፣ ጽሑፉ 1፡100 ቢልም እውነተኛው 1፡200 ነው። እኔ የማደርገው በፕላኑ ላይ ልኬቱ የተጻፈለትን ረጅሙን ግድግዳ መርጬ በስኬል ትእዛዝ «ሪፈረንስ» አማራጭ (የሚታወቅን ርዝመት መነሻ አድርጎ ንድፉን በሚያሳድገው) ማስተካከል፣ ከዚያም በሌላው አቅጣጫ ያለ ሁለተኛ ልኬት ማረጋገጥ ነው።

ፒዲኤፍ ለዕይታና ለኅትመት የተዘጋጀ ቅርጸት ስለሆነ የንድፉን ሐሳብ አይዝም። የልኬት ምልክቶች ተራ መስመርና ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ፤ ግድግዳውን ብታንቀሳቅሱት ቁጥሩ አብሮ አይለወጥም። በኤስኤችኤክስ ፎንት (ፊደሉን በመስመር በሚሠራው የኦቶካድ የራሱ ፎንት) የተጻፉ ቃላትም ወደ ጭረት ይለወጣሉ፤ ለላቲን ፊደል ይህን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ሌላ ትእዛዝ አለ፣ ውጤቱም አጥጋቢ ነው። በአማርኛ የተጻፈውን በተመለከተ ግን ብዙ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ዩኒኮድን በማይከተሉ የቆዩ የግእዝ ፎንቶች የተሠሩ ፕላኖች ሲገቡ «መኝታ ቤት» እና «ማድ ቤት» የሚለው ሁሉ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ስለሚታይ፣ የክፍሎቹን ስም ከፒዲኤፉ እያነበቡ እንደገና መጻፍ ግድ ይላል። ለአንድ ቤት ፕላን ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ረጅም ማስታወሻ ለያዘ የስትራክቸር ንድፍ ግን ቀላል አይደለም።

ኦቶካድ ለሌለው ሰው ነፃ የሆነው ኢንክስኬፕ የተባለ የሥዕል ፕሮግራም ፒዲኤፍን ከፍቶ በዲኤክስኤፍ (ሌሎች የንድፍ ፕሮግራሞች በሚከፍቱት ቅርጸት) ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ለቀላል ንድፍ ያገለግላል። በኢንተርኔት በነፃ እንቀይራለን የሚሉ ገጾችን ግን አልመክርም። አንዱን ሞክሬ ክቦቹ ሁሉ ወደ ጥቃቅን መስመሮች ተሰባብረው ደርሰውኛል፤ ከዚህም በላይ የሰው ቤት ሙሉ ፕላን ለማላውቀው አካል አሳልፌ መስጠቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስካን ለተደረገው ፕላን ደግሞ የሚሻለው ምስሉን ከሥር አስቀምጦ፣ ስኬሉን አስተካክሎ በላዩ ላይ እንደገና መሣል ነው። የታጠፈና በተደጋጋሚ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት መጠኑ ስለሚዛባ፣ መሣል ከመጀመሬ በፊት ሜትር ይዤ ቤቱ ድረስ በመሄድ ቢያንስ የውጭ ግድግዳዎቹንና የአንድ ክፍል ሰያፍ ርቀት እለካለሁ።